ለስቲል ጊታር የጣትና የአውራ ጣት መምቻ አመራረጥ፦ ልክ፣ ርዝመትና ውፍረት ከቁስ ይቀድማሉ

ስቲል ጊታር በግራ እጅ በሚያዝ ለስላሳ የብረት ዘንግ የሚጫወቱት መሣሪያ ነው። ተጫዋቹ አውታሩን በጣቱ ከጣውላው ጋር አያጣብቀውም፤ ዘንጉን በአውታሮቹ ላይ አሳርፎ ወዲያና ወዲህ በማንሸራተት የድምፁን ከፍታ ይለዋውጣል። ቀኝ እጅ ደግሞ አውታሮቹን የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ በባዶ ጣት ሳይሆን እንደ ቀለበት በሚጠለቁ መምቻዎች ነው፦ አንድ ለአውራ ጣት፣ አንድ ለጠቋሚ ጣት፣ አንድ ለመሃል ጣት። ለቀለበት ጣትም የሚጨምሩ አሉ።

ስለ እነዚህ መምቻዎች የሚሰጠው ምክር ዘወትር የሚጀምረው ከተሠሩበት ቁስ ነው። ናስ ድምፁን ያሞቀዋል፣ ብረት ያሰላዋል፣ ፕላስቲክ ያለዝበዋል ይባላል። ይህ ጽሑፍ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ እንዳለበት ይከራከራል። መምቻ በመጀመሪያ ከጣት ጋር ባለው ልክ፣ ቀጥሎ በምላሱ ርዝመትና ጥምዝ፣ ከዚያም በውፍረቱ፣ በመጨረሻ በቁሱ ሊመረጥ ይገባል። ጉዳዩ ጥቃቅን ሊመስል ይችላል፤ መምቻ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የማይባል ዕቃ ነውና። ነገር ግን ዕቃውን በእጁ ሞክሮ ለመግዛት ዕድል የሌለውና ከሩቅ አገር በትዕዛዝ የሚያስመጣ ጀማሪ በቁስ ስም ብቻ ይመርጣል፤ ያመጣው መምቻ እጁን ከአውታሩ ሲያርቅበትም ጥፋቱን በራሱ ችሎታ ላይ ያላክካል።

መምቻው ለምን አስፈለገ

አጨዋወቱ የተወለደው በሃዋይ ነው። ስልቱን በማዳበር ስሙ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው በኦአሁ ደሴት፣ በላኢዬ የተወለደው ጆሴፍ ኬኩኩ (እ.ኤ.አ. 1874–1932) ሲሆን፣ ዘመኑም የ1880ዎቹ መጨረሻ ነው። የአንጀት አውታር በብረት አውታር ተተካ፤ ዘንጉ ከጣውላው ጋር እንዳይጋጭም አውታሮቹ ከፍ ተደርገው ተወጠሩ። የድምፅ ማጉያ ባልነበረበት ዘመን በአዳራሽ ለሚደመጥ ጨዋታ የባዶ ጣት ምት አይበቃም፤ ጥፍርም የብረትን አውታር ለረጅም ጊዜ አይችለውም። እ.ኤ.አ. በ1932 ለገበያ የቀረበውና በቅርጹ ምክንያት «መጥበሻ» የተባለው የሪከንባከር የኤሌክትሪክ ስቲል ጊታር የድምፅ ጉልበትን ችግር አቃለለ። መምቻው ግን አልቀረም። የዚህ ጸሐፊ ግምት ምክንያቱ በዘንጉ ባሕርይ ውስጥ ይገኛል የሚል ነው። በዘንግ የሚወጣ ድምፅ ያለ ደረጃ ስለሚንሸራተት፣ ድምፁ የሚጀምርበትን ቅጽበት ቁርጥ አድርጎ የሚያሳየው የቀኝ እጅ ምት ብቻ ነው።

ማፈን እንደ መምታት ሁሉ

በዛሬው ባለ ፔዳል ስቲል ጊታር የተለመደው የኢ9 ቅኝት አሥር አውታሮች አሉት። ከተጫዋቹ ርቆ ካለው ከአንደኛው ጀምሮ ሲቆጠሩ ኤፍ ሻርፕ፣ ዲ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኢ፣ ቢ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኢ፣ ዲ እና ቢ ናቸው። ቅደም ተከተሉ ከቀጭን ወደ ወፍራም ድምፅ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ አንደኛውና ሁለተኛው አውታር ከሦስተኛው ዝቅ ያለ ድምፅ አላቸው። እነዚህን ሁለቱን እ.ኤ.አ. በ1962 የጨመራቸው ባዲ ኤመንስ (1937–2015) ነው። የኢ ሜጀር ኅብረ ድምፅ ለማውጣት 5ኛው፣ 6ኛውና 8ኛው አውታር አብረው ይመታሉ፤ በመካከላቸው ያለው 7ኛው ዝም ማለት አለበት። 6ኛው፣ 8ኛውና 10ኛው ሲመቱም 7ኛውና 9ኛው ዝም ይላሉ። ምቱ በሚያርፍበት አካባቢ በአንዱና በሌላው አውታር መካከል ያለው ርቀት ወደ 9 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ዘንጉ ብዙ አውታሮችን በአንድነት ስለሚነካ፣ ቀድሞ የተመታ አውታር በጊዜው ካልታፈነ ድምፁ ከአዲሱ ድምፅ ጋር አብሮ ይንሸራተታል።

ክራር በመምቻ ሲገረፍ ያስተዋለ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ቀኝ እጅ አውታሮቹን ሁሉ አንድ ላይ ሲገርፍ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ያፍናሉ፤ ዜማው የሚወጣው ክፍት ከተተወው አውታር ነው። በስቲል ጊታር ግን ግራ እጅ ዘንጉን ይዟል። ከዘንጉ በስተኋላ ያለውን የአውታር ክፍል ከማፈን በቀር ሌላው ማፈን ሁሉ የቀኝ እጅ ዕዳ ይሆናል፤ መምታቱም የእርሱ ነው።

ቀኝ እጅ ይህን በሁለት መንገድ ይወጣዋል። በአንደኛው መንገድ የመዳፉ ጠርዝ በትንሿ ጣት በኩል አውታሮቹ ላይ ያርፋል፤ ጣቶቹ ሲመቱ ለቅጽበት ይነሣል፣ ወዲያው ይመለሳል። በሁለተኛው መንገድ የመታው ጣት ራሱ ተመልሶ በዚያው አውታር ላይ በማረፍ ድምፁን ይቆርጠዋል። የመምቻው ቅርጽ ወሳኝ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ምላሱ ከጣቱ ጫፍ አልፎ በረዘመ ቁጥር እጁ ከአውታሩ ከፍ ይላል፤ የመዳፉ ጠርዝ ሊደርስ የሚገባውን ርቀት ለመሸፈን አንጓው ይሰበራል፤ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይም ይደክማል። ስለዚህ በመዳፍ ለሚያፍን ሰው አጭር ምላስ ያለው የአውራ ጣት መምቻ የመጀመሪያ መስፈርት ነው። በጣት ለሚያፍን ሰው ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ቀጥ ያለ የብረት ምላስ በሚንቀጠቀጥ አውታር ላይ ሲያርፍ ዝዝ የሚል ድምፅ ያሰማል። ምላሱ የጣቱን ጫፍ ተከትሎ ወደ ላይ ከተጠመዘዘ ግን የጣቱ ሥጋ ከብረቱ ጎን አውታሩን ሊነካ ይችላል፤ ዝዝታውም ይቀንሳል። ገዥው የትኛውን የማፈን መንገድ እንደሚማር ሳያውቅ መምቻ መምረጡ ጫማ የሚለብሰውን እግር ሳይለኩ እንደመግዛት ነው።

ልክን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም፤ ነገር ግን የሚባለው ችላ ሊባል አይገባም። የብረት መምቻ ሁለት ክንፎች በእጅ ወይም በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ይታጠፋሉ። የፕላስቲክ የአውራ ጣት መምቻ ሙቅ ውኃ ውስጥ ቆይቶ ሲለሰልስ ይስተካከላል፤ ሴሉሎይድ ከሆነ በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ ከእሳት አጠገብ ጨርሶ አይቀርብም። የጣቱ ጫፍ ቀለሙን ከለወጠ ወይም ከደነዘዘ መምቻው ጠብቋል። በምት ጊዜ ዞሮ ከተገኘ ላልቷል፤ የላላውን ለመያዝ ሲባል ጣትን ማጠንከር ደግሞ ከመጥበቁ የባሰ ጉዳት አለው።

ውፍረትና ቁስ በቁጥር

በገበያ ላይ የሚገኙት የብረት የጣት መምቻዎች ውፍረት በኢንች ይገለጻል፤ ከ0.013 እስከ 0.025 ኢንች፣ ማለትም ከ0.33 እስከ 0.64 ሚሊ ሜትር ገደማ። ልዩነቱ ለዓይን ኢምንት ነው። ለጣት ግን ኢምንት አይደለም፤ የአንድ ጠፍጣፋ ምላስ የመጉበጥ ግትርነት ከውፍረቱ ኪዩብ ጋር ይመጣጠናልና። ከ0.018 ኢንች ወደ 0.025 ኢንች መሻገር ውፍረቱን በ39 በመቶ ሲጨምር ግትርነቱን 2.7 እጥፍ ያደርገዋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው የ0.013 እና የ0.025 ልዩነት ደግሞ ከ7 እጥፍ በላይ ነው። ርዝመትም በተቃራኒው አቅጣጫ በዚያው ኃይል ይሠራል፦ ያለ ድጋፍ የወጣው የምላሱ ክፍል ከ10 ወደ 8 ሚሊ ሜትር ቢያጥር ግትርነቱ ወደ 2 እጥፍ ይጠጋል።

ይህን ከቁስ ልዩነት ጋር እናስተያየው። የናስ ያንግ ሞዱለስ 100 ጊጋ ፓስካል አካባቢ ነው። መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ የተዋሃዱበት፣ በስሙ «ኒኬል ሲልቨር» ቢባልም ብር የሌለበት ቅይጥ ከ120 እስከ 130 ይደርሳል። ስለዚህ በቅርጽና በውፍረት አንድ የሆኑ ሁለት መምቻዎች በቁስ ብቻ ሲለያዩ የግትርነታቸው ልዩነት ከ20 እስከ 30 በመቶ ቢሆን ነው። ይህንኑ ልዩነት በውፍረት ለማግኘት በ0.46 ሚሊ ሜትር መምቻ ላይ 0.03 ወይም 0.04 ሚሊ ሜትር መጨመር ይበቃል። ናስን «ሞቃት» ያሰኘው የናስ መምቻው ቀጭን ወይም ረጅም መሆኑ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ተገቢ ነው። ፕላስቲክ ግን በእርግጥ የተለየ ክፍል ነው። ሞዱለሱ ከ3 ጊጋ ፓስካል ብዙ ስለማይርቅ፣ የ0.46 ሚሊ ሜትር የኒኬል ሲልቨር ምላስን ግትርነት ለመተካት 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይሻል። የፕላስቲክ የአውራ ጣት መምቻዎች ወፍራም የሚሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም።

መምቻን ከባዶ ጣት ጋር ማነጻጸርም ያስተምራል። የሚመታው ነገር ከአውታሩ ጋር የሚገናኝበት ስፋት ትልቅ ሲሆን ከፍተኛዎቹ ሃርሞኒኮች ይዳከማሉ፤ በግርድፉ ድክመቱ ጎልቶ የሚታየው የሃርሞኒኩ ተራ ቁጥር የአውታሩ ርዝመት ለንክኪው ስፋት ሲካፈል ከሚገኘው ቁጥር ሲያልፍ ነው። አውታሩ 61 ሴንቲ ሜትር፣ የጣት ጫፍ ንክኪ 1 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ድንበሩ 61ኛው ሃርሞኒክ ነው። ይህ በ10ኛው አውታር (ቢ፣ 123 ኸርዝ) ላይ 7.5 ኪሎ ኸርዝ ሲሆን በጆሮ ይታወቃል፤ በ3ኛው አውታር (ጂ ሻርፕ፣ 415 ኸርዝ) ላይ ግን 25 ኪሎ ኸርዝ ነው፤ የሰው ጆሮ አይሰማውም። ስለዚህ በቀጫጭኖቹ አውታሮች ላይ ጣት ከመምቻ ይልቅ የሚለዝበው በስፋቱ ሳይሆን፣ ቆዳው አውታሩን ዝግ ብሎ ስለሚለቀውና ንዝረቱን ስለሚውጥ ነው ማለት ነው። በቀላሉ የሚጎብጥ ቀጭን ምላስም በዝግታ በመልቀቅ ረገድ ለጣት ይቀርባል። ይህም ውፍረትን ከቁስ ያስቀድማል።

ለቁስ የሚቀረው

ቁስ ምንም ሥራ የለውም ማለት አይደለም። አውታሩ የተጠቀለለ በሆነ ጊዜ የብረት ጠርዝ ይፍቀዋል፤ ወፍራሞቹን አውታሮች በብዛት የሚመታው አውራ ጣት በፕላስቲክ መምቻ፣ ወይም በብረት ማቀፊያ ላይ የፕላስቲክ ምላስ በተገጠመለት መምቻ ቢመታ የሚመረጠው ስለዚህ ነው። ማግኔት የሚስበው ተራ ብረት በፒክአፑ አቅራቢያ ሲንቀሳቀስ መግነጢሳዊ መስኩን ያናውጣል፤ ናስና ኒኬል ሲልቨር ከዚህ ነጻ ናቸው። ኒኬል ቆዳቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎች ደግሞ ኒኬል ሲልቨርን ትተው ናስ ወይም ፕላስቲክ ቢይዙ ይሻላል፤ ይህ ከድምፅ ጋር የማይገናኝ ቢሆንም ከማንኛውም የድምፅ ምክንያት ይበልጣል። በአንድ ወቅት የተወደደው የባሕር ኤሊ ልባስ በዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ስለተከለከለ ከምርጫው ወጥቷል።

ቁስን በቁስ ለማወዳደር ሙከራ የሚያደርግ ተማሪ አንድ ነገር አስቀድሞ ማሰር ይኖርበታል፤ እርሱም የምቱ ቦታ ነው። ከበርኩማው 8 ሴንቲ ሜትር ርቆ የተመታ 61 ሴንቲ ሜትር አውታር ከ7ኛውና ከ8ኛው ሃርሞኒክ አካባቢ ይዳከማል። ዘንጉ 12ኛው መስመር ላይ ሲሆን ግን የሚንቀጠቀጠው ርዝመት በግማሽ ስለሚያጥር፣ እጁ ከቦታው ሳይነቃነቅ የሚዳከመው 4ኛው ሃርሞኒክ ይሆናል፤ ድምፁም በግልጽ ይለወጣል። እጅ በ2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢዛወር የሚያመጣው ለውጥ ከናስና ከኒኬል ሲልቨር ልዩነት ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ መምቻዎቹ በውፍረትና በምላስ ርዝመት አንድ ዓይነት ሆነው፣ ዘንጉ በአንድ መስመር፣ ምቱ በተለካ ርቀት ላይ ተይዞ፣ ሰሚው የትኛው መምቻ እንደተመታ ሳያውቅ ሊፈርድ ይገባል።