የክበብ ሰርተፊኬት የውጤትን ጉድለት ይሞላል?

ከጫንጮም ከሱሉልታም የምትጽፉልኝ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ደጋግማችሁ የምታነሡት ጥያቄ አለ፦ «ውጤቴ መካከለኛ ነው። ግን ሚኒ ሚዲያ ውስጥ አለሁበት፣ የቀይ መስቀል ክበብ ሰብሳቢ ነኝ፣ ክረምት ላይም በጎ ፈቃድ ሠርቻለሁ። ይሄ አያካክስልኝም?»

እዚህ አገር አያካክስም። የዩኒቨርሲቲ ምደባው የሚሠራው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናው ነው። በ2014 ዓ.ም. ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ። ከ600 ውስጥ 299 ያመጣ ልጅ የክበብ ሰርተፊኬቱን ይዞ ቢመጣ የሚያይለት ሰው የለም። እንደ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና እንደ አለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያሉት ተሰጥኦን በተግባር ይፈትናሉ፤ እሱም ለዚያው ለሙያው ነው።

ብዙዎቻችሁን የሚያማልላችሁ ግን የአሜሪካው በር ነው። እዚያ የማመልከቻው ቅጽ፣ ኮመን አፕ የሚባለው፣ ለአክቲቪቲ ብቻ አሥር ቦታ ይሰጣል። አሥር ቦታ ስላለ ጉድለቱን እሱ ይሞላዋል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። እውነቱ ሌላ ነው። መጀመሪያ ትራንስክሪፕታችሁ ይታያል፤ ይሄ ልጅ ትምህርቱን ይወጣዋል ወይ ተብሎ። ክበቡም በጎ ፈቃዱም የሚመዘኑት ያንን ካለፉት መካከል ለመምረጥ ነው። ሙሉ ስኮላርሺፕ ለሚፈልግ ደግሞ ይብሳል። የውጭ አገር ተማሪን የመክፈል አቅም ሳያዩ የሚቀበሉት እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ያሉ ጥቂት ናቸው፤ ለመግባትም ከሁሉ የከበዱት እነሱው ናቸው። ሌሎቹ አብዛኞቹ ብር ያለውንና የሌለውን ለይተው ያያሉ።

በእርግጥ የሚያካክስ አንድ ነገር አለ፤ ለእኛ አካባቢም ቅርብ ነው፦ ስፖርት። ሃርቫርድ ላይ ቀርቦ በ2018 እ.ኤ.አ. በተሰማው ክስ የቅበላ መረጃው ፍርድ ቤት ወጣ። በትምህርት ደረጃቸው ዝቅ ያለ ነጥብ ከተሰጣቸው አመልካቾች መካከል አሠልጣኝ የመለመላቸው አትሌቶች 70 በመቶ ገደማ ሲገቡ፣ በዚያው ነጥብ ላይ ካሉት ሌሎች አንድ በመቶ እንኳ አልገባም። ሱሉልታ የቀነኒሳ መሮጫ ያለበት፣ ጠዋት ጠዋት የጎጃም መንገድ ዳር በሯጭ የሚሞላ ስለሆነ ይሄን ቁጥር ቸል ማለት አልችልም። ግን መመልመል ማለት በሰዓት የተመዘገበ ውጤት ኖሮ አሠልጣኙ «ይሄን ልጅ እፈልገዋለሁ» ሲል ነው፤ በትምህርት ቤት ውድድር ሜዳሊያ ማግኘት አይደለም። የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ማኅበርም በከፍተኛው ምድብ 16 ዋና ዋና ትምህርቶችንና ከ4 ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ይጠይቃል። ስለዚህ ሯጩም ደብተሩን መዝጋት አይችልም።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ሰርተፊኬት እንሸጥላችኋለን፣ «ፕሮፋይል» እንሠራላችኋለን የሚሉ ደላሎች ከወላጆቻችሁ ብር እየተቀበሉ ነው። እባካችሁ አትክፈሉ። ጎህ ሳይቀድ ላም አልባችሁ ወተት ታደርሳላችሁ፣ ድርቆሽ ታጭዳላችሁ፣ ታናናሾቻችሁን ታሳድጋላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ክፍል የምትገቡት። ይሄ ሁሉ በኮመን አፕ ቅጹ ላይ «የቤተሰብ ኃላፊነት» እና «ሥራ» በሚሉት ስር ይገባል፤ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነም ይጠየቃል። ከማታውቁት ድርጅት ከተገዛ ወረቀት ይልቅ እሱ ስለ እናንተ ብዙ ይናገራል። መካከለኛ ውጤትን ወደ ከፍተኛ አይለውጠውም፤ ግን 85 ያመጣው ልጅ በምን ሁኔታ ውስጥ ሆኖ እንዳመጣው ያሳያል። ጥሩ የማመልከቻ መርማሪ ውጤታችሁን ከአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ልጅ ጋር ብቻ አያስተያየውም፤ በራሳችሁ ትምህርት ቤት ከስንት ተማሪ ስንተኛ እንደሆናችሁም ይጠይቃል።

ስለዚህ የ11ኛ ክፍል ልጅ ከሆናችሁ፣ ሦስት ክበብ ከምትጨምሩ ሒሳብና እንግሊዝኛችሁን አንሡ፤ ከክበቦቹ የምትወዱትን አንዱን ያዙና የሚታይ ነገር ሥሩበት። 12ኛ ለሆናችሁት ደግሞ የመደበኛው ማመልከቻ የመጨረሻ ቀን በብዙዎቹ የአሜሪካ ኮሌጆች ዘንድ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን መምህር በመስከረም አነጋግሯቸው፤ የቤታችሁን ሥራም ንገሯቸው፤ ካልነገራችኋቸው አያውቁትም።