ስሟ ያልተጻፈው የረቢ ይሁዳ አገልጋይ

ሐይቅ እስጢፋኖስን ሴት በማያስገባው ሥርዓቱ ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ የሐይቅና የአምባሰል ሴቶች እንዴት እንደሚጸልዩ አያውቅም። እናንተም ጌታ ሴቶችን ማክበሩን ለማጉላት «ረቢዎች ሴትን ይንቁ ነበር» ብላችሁ ስትሰብኩ፣ ሕጋቸውን እንጂ ታሪካቸውን አላነበባችሁ ይሆናል።

የባቢሎን ታልሙድ (ከቱቦት 104) አንዱን ይተርካል። እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ ሚሽናን ያዘጋጀው ረቢ ይሁዳ በሞት አፋፍ ሳለ ሊቃውንቱ እንዳይሞት ሳያቋርጡ ይጸልያሉ። የቤቱ ገረድም እንደ እነርሱ ጸለየች። ነገር ግን በሆድ ሕመም ወደ መጸዳጃ ሲመላለስ ሥቃዩን አይታ፣ እንዲያርፍ ትለምን ጀመር። ሊቃውንቱ አላቆሙም። ከሰገነት ማሰሮ ወረወረች፤ ደንግጠው ለቅጽበት ዝም ሲሉ ነፍሱ ወጣች። ተራኪው አይነቅፋትም። በሽተኛውን ያየችው እርሷ ነበረች፤ ሊቃውንቱ የሚያዩት ጸሎታቸውን ነበር።

ስሟን ግን አይነግረንም። በሚሽናም (በራኮት 2፥7) ረባን ገማልያል (የጳውሎስ መምህር ሳይሆን የልጅ ልጁ) ባሪያው ታቢ ሲሞት ማጽናኛ ተቀበለ። ደቀ መዛሙርቱ ለባሪያ ማጽናኛ እንደማይቀበሉ ያስተማራቸውን ሲያስታውሱት፣ ታቢ እንደ ሌሎቹ ባሪያዎች እንዳልሆነ መለሰላቸው። ለታቢ ክብር ነው፤ ለሌሎቹ ግን ሕጉ እንዳለ ቀረ።

ይህን ጉድለት ከመድረክ ከመውቀሳችሁ በፊት 2ኛ ነገሥት 5ን ግለጡ፤ ንዕማንን ወደ ፈውሱ የመራችው ብላቴናም ስሟ አልተጻፈም።