«ብርድ ነው የመታኝ»

ተረቱ እንዲህ ይላል፦ በደጋ አገር ደረትን የሚይዝ ነገር ብርድ ነው፤ ትኩስ ጠጥተው ጋቢ ደርበው ካደሩ ይለቃል።

ብዙ ጊዜስ ይለቃል፤ ችግሩም እሱ ነው። ከከፍተኛው የሳነቴ አምባ አፋፍ ሥር ላለችው ለሪራ መንደር፣ ለጎባና ለሮቤ ከተማም ሰው ብርድ የፈጠራ ወሬ አይደለም። ብርድ የደም ሥርን ያጠባል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የታመመ ልብ ላይ ሕመም ይቀሰቅሳል። «ብርዱ ጀመረኝ» ያለ ሰው አልዋሸም። ጥፋቱ «ልተኛበት» ሲል ነው። ልብን የሚመግበው የደም ሥር በረጋ ደም ከተዘጋ ጡንቻው በየሰዓቱ እየሞተ ይሄዳል፤ የሞተው አይመለስም።

የዚህ የልብ ሕመም ምልክት መውጋት ብቻ አይደለም። መሃል ደረት እንደ ድንጋይ ይጫናል፤ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ይቆያል ወይም ሄድ መለስ ይላል። ወደ ክንድ፣ መንጋጋ ወይም ጀርባ ይሄዳል፤ ትንፋሽ ያጥራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቃል። በዚያ ውርጭ ላብ የሚወርደውን ሰው «ብርድ ነው» ብሎ የሚያስተኛ ጎረቤት በፍጹም አይገባኝም። ይባስ ብሎ ለ«ብርዱ» ዲክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ የሚወጋም አለ፤ ሕመም ያደበዝዛል እንጂ የተዘጋ የደም ሥር አይከፍትም፣ ለልብም አደጋ ይጨምራል። በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕመምተኞች ደግሞ ደረት ጭራሽ ላይታመም ይችላል፤ እናት «ደከመኝ፣ አስመለሰኝ» ብቻ ካሉ ቀላል አድርገን እናልፋለን።

ከብርድ ሌላም ሰበብ አይጠፋም። «ጨጓራ ነው።» ሊሆን ይችላል፤ ሐኪምም ቢሆን ያለ ልብ ምርመራ በዓይን አይለየውም። ወተት ስላቀለለው ልቡ ደህና ነው ማለት አይደለም።

«የሳነቴ አየር ነው።» መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሚያልፍ ትንፋሽ ያሳጥራል። ወርደው አርፈውም ካልተሻለ ግን አየሩን አንወንጅል።

«የሀብታምና የወፍራም በሽታ ነው።» ግፊት፣ ስኳርና ሲጋራ ቀጭን ድሃ አይምሩም።

«በኃይል ማሳል ያድናል።» በስልክ የሚዞር ወሬ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሪራ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ለመድረስ ያንኑ ሳነቴን መሻገር ግድ ነው። ከፍታው ለታማሚ ይመቻል አልልም፤ ንጋት መጠበቁ ግን ይብሳል። የቀረበ ጤና ተቋም ካለ መጀመሪያ እዚያ፤ አምቡላንስም ይጠራ። አስፒሪን ከማይስማማው ወይም ጨጓራው ከሚደማበት ሰው በቀር ታማሚው 300 ሚሊግራም አስፒሪን አኝኮ ይዋጥ። መኪና እስኪመጣ ታማሚው ቁጭ ይበል፤ እስከ መንገዱ በእግሩ አይሂድ።