የአካምባ እንጨት ቀራጮችና የሞምባሳው ማኅበራቸው

መግቢያ

በኬንያ ከተሞች የተዘዋወረ መንገደኛ ሁሉ በየሆቴሉ በርና በየገበያው ከእንጨት የተቀረጹ ዝሆኖች፣ ቀጭኔዎች፣ የማሳይ ጦረኞችና የሰላጣ ማንኪያዎች ተደርድረው ማየቱ አይቀርም። ገዢውም አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ዕቃዎች ከጥንት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የአገር ልማድ አድርጎ ይወስዳቸዋል። እውነቱ ግን ከዚህ ይለያል። ሥራው በዚህ መልኩ ከተጀመረ ገና አንድ መቶ ዓመት ያህል ነው፤ ለብዙ ሺህ ሰው እንጀራ ሊሆን የበቃውም ባለ እጆቹ በማኅበር ስለ ተረዳዱ ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ቀራጮቹ በማኅበር መሰብሰባቸው የገበያን ችግር እንዴት እንዳቃለለላቸው ነው። ሁለተኛው፣ ይኸው ማኅበር ከገበያ የባሰ ችግር፣ ማለትም የእንጨት ማለቅ፣ በመጣበት ጊዜ ምን ለማድረግ እንደ ቻለ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሥራው አጀማመር

አካምባ ከናይሮቢ በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በማቻኮስ፣ በኪቱይና በማኩዌኒ አገሮች የሚኖር ሕዝብ ነው። አገሩ በብዙ ስፍራ ደረቅ ነው፤ ዝናቡም የማይታመን ስለ ሆነ እርሻ ብቻውን ቤተ ሰብ የማይመግብበት ዓመት ብዙ ነው። ስለዚህ አካምባዎች ከጥንት ጀምሮ በንግድና በእጅ ሥራ የታወቁ ናቸው። ከእጅ ሥራቸውም ሁሉ የተደነቀው የሽማግሌዎች መቀመጫ የሆነው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነበር። ይህ በርጩማ እንደ ጅማው በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ሲሆን፣ መቀመጫው በቀጭን የብረት ሽቦ ያጌጠ ነበር። ሽቦው በእንጨቱ ውስጥ እየተቀበረ ክብና ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ይወጣለታል።

የሰውንና የእንስሳን መልክ ቀርጾ መሸጥ ግን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣ ነው። ለዚህ መነሻ ሆኖ ስሙ የሚጠራው ሙቲስያ ሙንጌ የተባለ የዋሙንዩ ሰው ነው። ሙንጌ በጦርነቱ ጊዜ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ታንጋኒካ ሄዶ ሳለ በዚያ አገር ያሉትን እንጨት ቀራጮች ሥራ ተመለከተ። ወደ መንደሩ ከተመለሰ በኋላ ያየውን በራሱ እጅ እየሞከረ መሸጥ ጀመረ። ጥበቡ መጀመሪያ በዘመዶቹ፣ ኋላም በጎረቤቶቹ ዘንድ እየተስፋፋ ሄዶ ዋሙንዩ የቀራጮች አገር ሆነች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኬንያ ያለፉት ወታደሮች፣ ከዚያም በኋላ የመጡት አገር ጎብኚዎች ገበያውን አሰፉት።

የአሠራሩ ሁኔታና የባለ እጆቹ አብሮ መዋል

ቀራጮቹ በጣራ ብቻ በተሸፈነ ረጅም ዳስ ሥር ጎን ለጎን መሬት ላይ ተቀምጠው ይሠራሉ። ዋነኛው መሣሪያ ስለቱ ወደ ሠራተኛው የዞረ አጭር መጥረቢያ ነው። ቀራጩ ግንዱን በእግሩ ደግፎ በዚህ መሣሪያ አጠቃላይ መልኩን ያወጣል፤ ከዚያ በቢላዋና በሞረድ ያስተካክለዋል። በወረቀት ላይ ንድፍ አያወጣም፤ መጠኑም ሁሉ በዓይኑና በእጁ ውስጥ ነው። ይህም የሚሆነው እያንዳንዱ ሰው በአንድ ዓይነት ቅርጽ ስለሚሠለጥን ነው። አንዱ ዝሆን ብቻ፣ ሌላው ሚዳቋ ብቻ ሲቀርጽ ዕድሜውን ያሳልፋል።

ከጠረባው ቀጥሎ ዕቃው በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ ከዚያም ቀለም ወይም ሰም ተቀብቶ ይወለወላል። መፈግፈጉና መወልወሉ አብዛኛውን ጊዜ የሌሎች ሰዎች፣ በተለይም የሴቶችና የወጣቶች ሥራ ነው። ልጅ ጥበቡን የሚማረው በዚሁ መንገድ ነው። በመጀመሪያ የአባቱን ወይም የአጎቱን ሥራ ይፈገፍጋል፤ ቀጥሎ እንደ ማንኪያ ያለውን ቀላል ዕቃ ይሞክራል፤ በመጨረሻ ግንድ ይሰጠዋል። ስለዚህ ዳሱ የሥራ ቦታ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤትም ነው ለማለት ይቻላል።

ማኅበሩ

ሥራው በተስፋፋ ጊዜ ከትርፉ የበለጠውን የሚወስዱት ነጋዴዎች ነበሩ። ቀራጩ የዕለት ምግቡን ለማግኘት ስለሚቸኩል በቀረበለት ዋጋ ይሸጣል፤ ነጋዴው ግን ዕቃውን ይዞ ደኅና ገዢ እስኪመጣ መጠበቅ ይችላል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የጥበብ ሳይሆን የመታገሥ አቅም ነበር።

በ1963፣ ኬንያ ነጻነቷን ባገኘችበት ዓመት፣ ወደ ሞምባሳ ወርደው የሚሠሩ አካምባዎች የአካምባ የእጅ ሥራ ኅብረት ሥራ ማኅበርን አቋቋሙ። ሞምባሳ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ወደብ በመሆኗ መርከበኞችና ጎብኚዎች ይመጡባታል፤ ዕቃም ወደ ባሕር ማዶ ለመላክ ትመቻለች፤ በባሕሩ ዳርቻም ደን ነበር። በዋሙንዩ፣ በናይሮቢና በማሊንዲም እንደዚሁ ያሉ ማኅበሮች ተቋቁመዋል። የሞምባሳው ማኅበር እያደገ ሄዶ ከጊዜ በኋላ የአባላቱ ቁጥር 3,000 ያህል ደረሰ።

የማኅበሩ አሠራር ቀላል ነው። እያንዳንዱ አባል አንድ ቁጥር አለው። ያበቃውን ዕቃ ቁጥሩንና ዋጋውን ጽፎበት በማኅበሩ መደብር ያስቀምጣል። ዕቃው ሲሸጥ ማኅበሩ የድርሻውን ቀንሶ ቀሪውን ለባለ ቁጥሩ ይከፍላል። ከውጭ አገር ብዙ ዕቃ በታዘዘ ጊዜም ትእዛዙን ተቀብሎ ለአባላቱ ያከፋፍላል። አንድ ቀራጭ ብቻውን አምስት መቶ ቀጭኔ በተወሰነ ቀን ለማድረስ ውል ሊገባ አይችልም፤ ማኅበር ግን ይችላል።

ይህ መተባበር ለአካምባዎች እንግዳ ነገር አልነበረም። በአገራቸው ምዌትያ የሚባል፣ የእኛን ደቦ የሚመስል የመረዳጃ ልማድ አላቸው። በ1930ዎቹ ዓመታት ጠፋ ተብሎ ተስፋ የተቆረጠበትን የማቻኮስን ተዳፋት መሬት በኋላ በእርከን መልሰው ያለሙት በአብዛኛው በዚህ ልማድ ነው።

በማኅበሩ ሥራ ላይ ነቀፋ የሚያቀርቡ አሉ። ዕቃው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ለጎብኚ ተብሎ የተሠራ እንጂ ከቀራጩ ልብ የወጣ አይደለም፤ በላዩም ያለው ቁጥር እንጂ ስም አይደለም ይላሉ። ነቀፋው በከፊል እውነት አለው። በቁጥር ሥር የሚሠራ ባለ እጅ አዲስ ነገር ቢፈጥር ስሙ አይታወቅለትም። ነገር ግን ቁጥሩ የድካሙን ዋጋ ያለ ጠብና ያለ ማታለል የሚያስገኝለት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በረሃብ ዘመን ቤተ ሰቡን የሚመግብ ሰው ከስም በፊት ገንዘቡን ቢያስቀድም አይፈረድበትም።

የእንጨቱ ችግር

ቀራጮቹ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ሙሁጉ የተባለውን ዛፍ ነበር። እንጨቱ ጠንካራና ልሙጥ ሲሆን ጥሩ ሽታም አለው። ከእርሱም ሌላ በእኛ አገር ዞጲ የሚባለውን፣ ውሃ ውስጥ ሲጣል የሚሰጥመውን ጥቁር እንጨትና ወይራን ይጠቀማሉ። እነዚህ ዛፎች ሁሉ አዝጋሚ ናቸው። ዞጲ ለሥራ የሚበቃ ውፍረት እስኪያገኝ ከአንድ ሰው ዕድሜ ያላነሰ ጊዜ ይፈጃል። የሚቆረጠው ግን በአንድ ጠዋት ነው፤ ከግንዱም ብዙው ክፍል ፍልጥና ፍቅፋቂ ሆኖ ይቀራል።

በ1990ዎቹ ዓመታት በወጡ ግምቶች መሠረት በኬንያ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩት ቀራጮች 60,000 ያህል ሲሆኑ፣ በእነርሱ ላይ የተንጠለጠለው ቤተ ሰብ 300,000 ይደርስ ነበር። ለሥራው የሚቆረጡት ዛፎችም በዓመት ከ50,000 በላይ እንደሚሆኑ ተገምቷል። በማሊንዲ አጠገብ ያለው የአራቡኮ ሶኮኬ ደን፣ ስፋቱ 420 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው፣ ሙሁጉው በስርቆት እየተቆረጠ ተጎዳ። እንጨቱ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው ጨመረ፤ ጥቁሩን እንጨት ያጣ ሰውም ነጩን በጫማ ቀለም እያጠቆረ እስከ መሸጥ ደረሰ።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። በጋራ መሸጥ ብቻውን በቂ አይደለም። ገበያውን ያሰፋው ማኅበር ሳያስበው የደኑንም መጨረሻ አቀረበ።

በዚያው ዘመን የዓለም የዱር ሀብት ድርጅት፣ ዩኔስኮና የኪው ንጉሣዊ የዕፅዋት ስፍራ በጋራ ባካሄዱት የምርምር ሥራ ሊቃውንቱ ለቀራጮቹ ሌላ ምክር አቀረቡ። ይኸውም ፈጥነው የሚያድጉትንና በገበሬ ማሳ፣ በመንገድ ዳርና በግቢ የሚገኙትን ኒምን፣ ማንጎን፣ ጃካራንዳንና ግራቪሊያን መጠቀም ነው። ኒም ከሕንድ የመጣ ዛፍ ነው። በስዋሂሊ ሙዋሮባይኒ ይሉታል፤ አርባ በሽታ ይፈውሳል ለማለት ነው። ሲቆረጥ ከጉቶው እንደ ገና ያቆጠቁጣል፤ በባሕሩ ዳርቻም ሳይተከል እስኪበዛ ድረስ ተስፋፍቷል።

ቀራጮቹ ግን ወዲያው እሺ አላሉም። ምክንያታቸውም ከንቱ አልነበረም። ኒም መልኩ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ሳይደርቅ ከተሠራ ይሰነጠቃል፤ ገዢውም የለመደው ከባዱንና ጥቁሩን ነው። አንድ ሰው ብቻውን ወደ ኒም ቢዞር እንጨቱ እስኪደርቅ ድረስ ሳይሸጥ መቆየት ሊኖርበት ነው፤ ጎረቤቱ በሙሁጉ እየሠራ በዚያው ሳምንት ይሸጥበታል። ማኅበሩ አስፈላጊ የሆነው በዚህ ላይ ነው። ግንዱን ከገበሬዎች በጅምላ መግዛት፣ በአግባቡ ማድረቅና ለገዢው ደን ሳይጠፋ የተሠራ መሆኑን በምልክት ማስታወቅ የሚችለው ማኅበር ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት በኬንያ የደን አጠባበቅ ምስክር ምልክት ያለባቸው የኒም ቅርጾች ለገበያ ቀርበዋል። ይህ ማለት ችግሩ ተወግዷል ማለት አይደለም፤ በድብቅ የሚቆረጠው ሙሁጉ ከኒም ጋር መወዳደሩ ቀላል ጉዳይ አይደለምና።

መደምደሚያ

ከላይ እንዳየነው የአካምባ ቀራጮች ማኅበር መጀመሪያ የተቋቋመው ለዋጋ ነበር። ኋላ ግን ለእንጨቱም ማሰብ ግድ ሆነበት። ባለ እጅ መሣሪያውን ለብቻው ሊይዝ ይችላል፤ ዛፉን ግን ለብቻው ሊያቆይ አይችልም፤ እርሱ የተወውን ሌላው ይቆርጠዋልና።

ይህ ጉዳይ ከእኛም የራቀ አይደለም። በ1994 በአገራችን የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። በርጩማው፣ ገበታውና ሙቀጫው የሚወጡት ግን ከእነዚሁና እነርሱን ከመሰሉት ዛፎች ነው። ባለ እጁ እንጨቱን ከየት እንደሚያመጣ፣ አንድ ዋንዛ ስንት በርጩማ እንደሚሰጥ፣ በምትኩ የሚተክል ሰው መኖሩንና አለመኖሩን በየአውራጃችን እየጠየቅን ብንመዘግብ ለዚህ ኮሌጅ ተማሪዎች ከአቅማችን በላይ ያልሆነ፣ ለአገርም የሚጠቅም ምርምር ይሆናል።