ስለ ድረ ገጽ ጊዜያዊ ቅጅ፤ ዕድሜው እንዴት እንደሚወሰንና እንዴት እንደሚጠረግ

የጨረታ መዝጊያ ቀን ተለውጦ የመሥሪያ ቤቱ ሹም በድረ ገጹ ላይ ካረመው በኋላ እንኳ፣ በሄሮን ሰፈር የሚቀመጥ ነጋዴ የቀድሞውን ቀን እያነበበ ጨረታው ሊያመልጠው ይችላል። ሹሙ በስሙና በምስጢር ቃሉ ገብቶ ስለሚሠራ የታረመው ወዲያው ይታየዋል፤ ስለዚህም ለሁሉ የታየ ይመስለዋል። የዚህ ልዩነት ምክንያት ካሽ የሚባለው ጊዜያዊ ቅጅ ነው። (በገበያ ከሚነገረው የጥሬ ገንዘብ ካሽ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም።)

ድሩፓልን የመሰለ የድረ ገጽ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም፣ ገጽ በተጠየቀ ቍጥር ከመዝገብ አዲስ ከማዘጋጀት ይልቅ፣ አንድ ጊዜ ያዘጋጀውን ቅጅ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ጠያቂ ያድላል። አንባቢውም ኮምፒዩተር በበኩሉ የደረሰውን ቅጅ ያስቀራል። ለዚህ ቅጅ ዕድሜ መወሰን ያስፈልጋል። ከአሳል ሐይቅ የሚመጣው ጨው ዓመት ቢቀመጥ አይጎዳም፤ ከአወዳይ የሚመጣው ጫት ግን በማግሥቱ ዋጋው ይወድቃል። የመሥሪያ ቤት ታሪክ እንደ ጨው፣ የጨረታና የመርከብ መድረሻ ማስታወቂያ እንደ ጫት ነው። ድሩፓል በአፈጻጸም ማስተካከያው ክፍል ለጠቅላላው ድረ ገጽ አንድ ልክ ብቻ ስለሚጠይቅ፣ ልኩን በጨው ሳይሆን በጫቱ መስጠት ይገባል፤ 5 ወይም 10 ደቂቃ ይበቃል።

እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከወጣው 8ኛ እትም ጀምሮ፣ ጽሑፍ ሲታረም በፕሮግራሙ ውስጥ ያለው አሮጌ ቅጅ ወዲያው ይሻራል። በነጋዴው ኮምፒዩተር የቀረው ግን ዕድሜው እስኪያልቅ ድረስ ከሹሙ ሥልጣን ውጭ ነው። ዕድሜው 1 ቀን ተብሎ ከተሞላ፣ ነጋዴው 1 ቀን ሙሉ ይሳሳታል ማለት ነው።

ደግሞም ዕድሜው ያለቀ ቅጅ ሁሉ ተጠርጎ ወጥቷል ማለት አይደለም፤ በመዝገቡ ውስጥ ቦታ ይዞ ይቆያል። ጠራጊው ክሮን የሚባለው ባለ ተራ ሥራ ነው። የድሩፓል የራሱ ክሮን በየ3 ሰዓት እንዲነሣ ቢታዘዝም፣ የሚነሣው ጐብኚ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ዓርብ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ተዘግቶ አንባቢ ከጠፋ ጠራጊውም ይተኛል። ከእትም 8.4 ወዲህ ለእያንዳንዱ የቅጅ ሣጥን የተወሰነው የ5,000 መስመር ልክ የሚከበረውም በዚሁ ጠራጊ ስለሆነ፣ ሰርቨሩ ራሱ በሰዓቱ እንዲቀሰቅሰው ማዘዝ የተሻለ ነው።

ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚያጸዳውን ቍልፍ በየዕለቱ የሚጫኑ ሹማምንት አሉ። ይህ ግን ደኅነኛውንም ቅጅ አብሮ ስለሚጥለው፣ ገጾቹ ሁሉ እንደገና እስኪዘጋጁ ድረስ ድረ ገጹ ይዘገያል፤ በአንባቢው ኮምፒዩተር ያለውን አሮጌ ቅጅም ከቶ አይነካውም።