ቁልቋል ከአጥር እስከ ሳሎን፦ ተረትና እውነታ

ቁልቋል በደቡብ ጎንደር ወይና ደጋ፣ በሐሙሲት ዙሪያም ጭምር፣ ይበልጥ የሚታወቀው በአጥርነቱ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ይኸው ተክል በአበባ መትከያ ተተክሎ፣ ዋጋ ወጥቶለት ሳሎን ያስውባል። ማራኪነቱ ከቅርጹ ነው፦ ቀጥ ያለ ግንድ፣ ጎልተው የወጡ ጠርዞች፣ እንደ መቅረዝ ወደ ላይ የታጠፉ ቅርንጫፎች። ቸል ቢሉትም ቶሎ አይሞትም። ስለ እሱ የሚነገረው ሁሉ ግን እውነት አይደለም።

ቁልቋል ካክተስ ነው ይባላል። ካክተሶች ከአንድ ዝርያ በስተቀር መነሻቸው አሜሪካ ብቻ ነው፤ የአገሩ ቁልቋል ግን የቅንጭብ ዘመድ ነው። ለመደናገሩ ምክንያት የሆነው ከሜክሲኮ የመጣው በለስ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ በርግጥም ካክተስ ነው። ሲቆረጡ ይለያሉ፦ ቁልቋል ነጭ ወተት ያፈሳል፣ በለስ አያፈስም። ጎንደር የቆየው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ ቅርንጫፍ የቆረጠበት ጎራዴ ቢታጠብም የወተቱ እድፍ እንዳልለቀቀው ጽፏል። ተክሉ በሳይንስ ዛሬ የሚጠራበትን ዩፎርቢያ አቢሲኒካ የሚለውን ስም ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ወተቱ ኪንታሮት ስለሚያጠፋ መድኃኒት ነው የሚለው እምነት ከሁሉም አደገኛው ነው። ወተቱ ቆዳ ይለበልባል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ብርቱ ሕመም ያስከትላል፣ እይታንም ሊጋርድ ይችላል። ዓይኑ ሳይታሽ በብዙ ንጹሕ ውሃ ታጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ሕፃን ባለበት ቤት ተክሉ እጅ ከማይደርስበት ይቀመጣል፤ የሚቆርጠውም ሰው ጓንት ያጠልቃል።

ውሃ አያስፈልገውም የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ደጅ ያለው ቁልቋል በክረምት ጠጥቶ በጋውን የሚያልፈው ሥሩ ሰፊ መሬት ስላለው ነው። በመትከያ ያለው አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ በደንብ መጠጣት አለበት። ያም ሆኖ በቤት ውስጥ ከጥማት ይልቅ የሚገድለው ውሃ መብዛት ነው። ውሃ የሚቋጥረው የፎገራ ጥቁር አፈር ብቻውን አይሆነውም፤ አሸዋ ይቀላቀልበታል፣ መትከያውም ከታች ቀዳዳ ይኖረዋል።

ጨለማ ጥግም ይስማማዋል ይባላል። በእርግጥ ባጠራቀመው ስንቅ ወራት ይቆያል፤ ጉዳቱ ዘግይቶ ስለሚታይ ግን ባለቤቱን ያታልላል። ውሎ አድሮ አዲሱ እድገት ይቀጥንና ይጎብጣል። ቦታው ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ ነው።

ሌሊት አየር ይሻማል የሚለው ስጋትም፣ የክፍሉን አየር ያጠራል የሚለው ውዳሴም የተጋነኑ ናቸው። ቁልቋል ውሃ ለመቆጠብ ቀዳዳዎቹን የሚከፍተውና የተቃጠለ አየር የሚያስገባው በሌሊት ነው፤ ሆኖም አንድ ተክል ለክፍሉ አየር የሚያመጣው ለውጥ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ለማራባት ዘር አያስፈልግም፤ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ቁስሉ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ያህል ጥላ ሥር ቆይቶ ይተከላል። 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደብረ ታቦር ግን ውርጭ ለጋ ጫፉን ስለሚጎዳ፣ በብርድ ወራት መትከያው ደጅ ማደር የለበትም።