ኮከብ ቈጠራ በአሜሪካ ጥቁሮች ዘንድ፤ ስለ ቍጣ፥ ስለ ፍቅርና ስለ ምኞት

በአገራችን ሰው ኮከቡን ለማወቅ ወደ ደብተራ ሲሄድ የሚጠየቀው ነገር ሁለት ነው፤ የራሱ ስምና የእናቱ ስም። ደብተራውም የሁለቱን ስሞች ፊደሎች ቈጥሮ፥ ድምሩን በ12 ገድፎ፥ በቀረው ቍጥር ሐመል ነህ፥ ሠውር ነህ፥ ገውዝ ነህ ይለዋል። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚሠራበት ቈጠራ ግን ስምን አይጠይቅም። የሚጠይቀው የተወለዱበትን ቀን፥ ሰዓትና ቦታ ነው። 12ቱ ምድቦች በሁለቱም ዘንድ አንድ ናቸው፤ ምንጫቸው የባቢሎንና የግሪክ ጥንታዊ ትምህርት ሆኖ ወደ እኛ በዐረብኛ መጻሕፍት በኩል ደርሰዋል፤ የሐመልና የሠውር ስም ራሱ ይህን ይመሰክራል። ልዩነቱ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው። ይህም ትንሽ ነገር ቢመስል ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው የአሜሪካ ጥቁሮች ስለ ቍጣቸው፥ ስለ ፍቅራቸውና ስለ ምኞታቸው ለመናገር በከዋክብት ቋንቋ እንዴት እንደ ተጠቀሙ ነው። የአገራችን ሊቃውንት መሪኅ የሚሉት ማርስ ሰውን በእውነት ያስቈጣል ወይ ለሚለው ክርክር ቦታ አንሰጥም፤ ያስቈጣል ብለንም አናምንም። የምንጠይቀው ቋንቋው ለምን እንዳስፈለገና ምን እንዳገለገለ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የልደት ቀኑ ያልታወቀ ሰው በዚያ ሥርዓት ኮከብ ሊቈጠርለት አይችልም። በባርነት ዘመን ደግሞ የባሪያ ልደት የሚጻፈው፥ ያውም ከተጻፈ፥ በጌታው መዝገብ ላይ ነበር። ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ መጀመሪያ ላይ ዕድሜውን በትክክል እንደማያውቅ፥ የነጮቹ ልጆች ዕድሜያቸውን ሲናገሩ እርሱ ግን ጌታውን መጠየቅ እንኳ እንዳልተፈቀደለት ገልጿል። በ1817 የተወለደ ይመስለው ነበር። በኋላ የታሪክ ተመራማሪዎች የጌታውን መዝገብ ሲመረምሩ ፌብሩዋሪ 1818 የሚል አገኙ፤ ቀኑ ግን አልተጻፈም። እርሱም እናቱ «ቫለንታይን» እያለች ትጠራው እንደ ነበር በማስታወስ ፌብሩዋሪ 14ን ልደቱ አድርጎ መረጠ። እንግዲህ ዳግላስ ደለዊ ነው የሚል ኮከብ ቈጣሪ ቢኖር የሚቈጥረው በልጅነት ትዝታ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ በመዝገቡ ብቻ ከሆነ ሑት ሊሆንም ይችላል።

የእኛ አገር ደብተራ በዚያ ቢኖር ኖሮ በእናቱ ስም ይቈጥርለት ነበር የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ በዚያ አገር በእናት መቍጠር ሌላ ትርጕም ነበረው። የቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት በ1662 ባወጣው ሕግ፥ የሚወለደው ልጅ ነጻ ወይም ባሪያ መሆኑ በእናቱ ሁኔታ እንዲወሰን ተደነገገ። አባትየው ነጭ ጌታ ቢሆንም ልጁ ባሪያ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። እናት የምትጠየቀው የልጁ ዕድል እንዲታወቅ ሳይሆን የማን ንብረት እንደ ሆነ እንዲታወቅ ነበር።

መዝገብ የተነፈገ ሕዝብ ሰማዩን መዝገብ አደረገው። በኖቬምበር 1833 ከ12 ለ13 አጥቢያ ሌሊት ሊዮኒድ የሚባሉት ተወርዋሪ ከዋክብት በሰሜን አሜሪካ ሰማይ ላይ እንደ ዝናብ ወረዱ። ከ1936 እስከ 1938 በመንግሥት የተቀጠሩ ጸሐፊዎች ከ2,300 የሚበልጡ የቀድሞ ባሮችን ቃል ሲሰበስቡ፥ ከተናጋሪዎቹ አንዳንዶቹ የራሳቸውን ወይም የወላጆቻቸውን ዕድሜ የሚለኩት ከዋክብት በረገፉበት ሌሊት ነበር። እኛም ዘንድ ሽማግሌ ሲጠየቅ በክፉ ቀን ተወለድሁ፥ በጣሊያን ጊዜ ተወለድሁ እንደሚለው ነው። በ1837 በጆርጂያ በባርነት የተወለደችው ሃሪየት ፓወርስ ያንን ሌሊት አላየችውም፤ ሲወራ ሰምታ ግን በ1890ዎቹ በሰፋችው ባለ ሥዕል የአልጋ ልብስ ላይ ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ጋራ አብራ ሰፍታዋለች። ሥራዋ በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

አሁን ወደ ቍጣ እንምጣ። ቤንጃሚን ባኔከር በ1731 በሜሪላንድ ነጻ ሆኖ የተወለደ ጥቁር ነው። የሰማይን ሒሳብ ራሱን በራሱ አስተምሮ፥ የፀሐይን፥ የጨረቃንና የፕላኔቶችን አካሄድ አስልቶ ለ1792 አልማናክ አዘጋጀ። የዚያ ዘመን አልማናክ እንደ ልማዱ የግርዶሽን ቀን ብቻ ሳይሆን የትኛው ኮከብ የትኛውን የሰውነት ክፍል እንደሚገዛም ይነግር ነበር። ባኔከር ኦገስት 19 ቀን 1791 በእጁ የጻፈውን ቅጂ ለቶማስ ጄፈርሰን ላከ። አብሮት የሄደው ደብዳቤ ትሕትና የሞላበት ነው፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል ብለህ የጻፍህ አንተ ወንድሞቼን በባርነት ትይዛለህ የሚል ሐሳብ አለው። ይህ ቍጣ ነው ብለን እንናገራለን። የሰማይ ሒሳቡ ለቍጣው ምስክር ሆኖ ቀረበ እንጂ ቍጣው ከሰማይ አልመጣም።

ናት ተርነር ከዚህ ይለያል። በቨርጂኒያ ሳውዝሃምፕተን አውራጃ ባሪያና ሰባኪ የነበረው ይህ ሰው፥ በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1831 ፀሐይ ስትጋረድ ሥራውን እንዲጀምር የተሰጠው ምልክት አድርጎ ተቀበለው። በኦገስት 13 ፀሐይ እንግዳ መልክ ይዛ ስትታይ ሁለተኛ ምልክት ሆነለት፤ በኦገስት 21 ሌሊት ዐመፁ ተጀመረ። ከሃምሳ የሚበልጡ ነጮች ተገደሉ፤ ከዚያም ነጮች በበቀል ብዙ ጥቁሮችን ገደሉ፤ ተርነርም ኖቬምበር 11 ተሰቀለ። እውነቱን ለመናገር ተርነር ኮከብ ቈጣሪ አይደለም፤ ሰማይን ያነበበው እንደ ነቢያት ነው። ከእኛ ጥያቄ ጋራ የሚያገናኘው ሌላ ነገር አለ። በእስር ቤት ቃሉን የጻፈው ጠበቃ ቶማስ ግሬይ ነገሩን ሁሉ በሰውዬው ጠባይ፥ በአክራሪነቱ ሊያስረዳ ይሞክራል። ተርነር ግን የመጨረሻው ጌታው ለእርሱ ደግ እንደ ነበር በዚያው ቃሉ ተናግሯል። የግል ቂም ፍለጋ ለሚሄድ አንባቢ ይህ ግራ የሚያጋባ ነው። ለእኛ ግን ቍጣው የአንድ ሰው ጠባይ ሳይሆን የኑሮው ሁኔታ ውጤት መሆኑን የሚያሳይ ይመስለናል። ግርዶሹ ቀኑን ነገረው፤ ምክንያቱ ቀድሞ የነበረ ነው።

ስለ ምኞት በዚያ ዘመን ብዙ ማለት አያስፈልግም። በሌሊት ወደ ሰሜን ለሚሸሽ ባሪያ የሰሜን ኮከብ መንገድ መሪ ነበር፤ ዳግላስም በ1847 በሮቼስተር ላቋቋመው ጋዜጣ ይህንኑ ስም ሰጠው።

በ20ኛው መቶ ዓመት ግን ነገሩ ተለወጠ። የልደት ቀን በመንግሥት መዝገብ መጻፍ ሲለመድ፥ ጥቁሩም እንደ ማንኛውም ሰው «ኮከቤ ምንድር ነው» ብሎ መጠየቅ ቻለ። ከሁሉ የሚያስደንቀን የፒያኖ ተጫዋቿ የሜሪ ሉ ዊሊያምስ ሥራ ነው። በ1945 «ዞዲያክ ስዊት» የተባለ 12 ክፍል ያለው ሙዚቃ ደርሳ፥ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 31 በኒው ዮርክ ታውን ሆል አሰማችው። እያንዳንዱን ክፍል በኮከቡ ሥር ለተወለዱ የምታውቃቸው ሰዎች አበረከተች። ራስዋ የተወለደችበትን ሠውርን ለዱክ ኤሊንግተን ሰጠች። በደለዊ ክፍል ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትና ጥቁሩ ጊታር መቺ ጆሽ ዋይት አብረው ተቀምጠዋል። የመሪኅ ቤት በሚባለውና በእሳት በሚመደበው በሐመል ቤን ዌብስተርና ቢሊ ሆሊዴይ አሉ። ቢሊ ሆሊዴይ ከ1939 ጀምሮ በካፌ ሶሳይቲ ስለ ተሰቀሉ ጥቁሮች የሚናገረውን ዘፈን ታዜም የነበረች ናት። ነጭና ጥቁር አብረው የሚቀመጡበትን የዚያን ቤት ባለቤት ባርኒ ጆሴፍሰንን ደግሞ ዊሊያምስ በሑት አስገብታዋለች።

የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው ብለን እናስባለን። ዘረኝነት ለአንድ ሕዝብ በሞላው አንድ ጠባይ ብቻ ይመድብለታል፤ ጥቁር ቁጡ ነው፥ ጥቁር ፍትወተኛ ነው ይላል። ይህም ቀን ሳይጠይቅ፥ ስም ሳይጠይቅ፥ በቈዳ ቀለም ብቻ የተነገረ ኮከብ ቈጠራ ነው። 12ቱ ምድቦች ግን በሳይንስ ሚዛን ምንም ባይመዝኑ፥ በአንድ ሕዝብ ውስጥ እሳትም፥ መሬትም፥ ነፋስም፥ ውሃም የሆነ ሰው እንዳለ ይቀበላሉ። ፕሬዚዳንትና ጊታር መቺ በአንድ ጠባይ ሊገናኙ ይችላሉ።

በፍቅር ረገድ ያለው ማስረጃ ቀለል ያለ ነው፤ አንዳንድ መምህራኖቻችንም ለጥናት አይበቃም ይሉ ይሆናል። በ1977 «ፍሎተርስ» የሚባሉ አራት ጥቁር ዘፋኞች ያወጡት ዘፈን በአሜሪካ የሪዝም ኤንድ ብሉዝ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጣ። እያንዳንዱ በተራው ኮከቡን፥ ስሙንና የሚወዳትን ሴት ዓይነት ይናገራል፤ አንዱ ደለዊ፥ አንዱ ሚዛን፥ አንዱ አሰድ፥ አንዱ ሸርጣን ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የሁለቱ ኮከብ ይገጥም እንደ ሆነ ይታያል፤ የተጣሉም ኮከባችን አልገጠመም ብለው ያለ ነቀፋ ይለያያሉ። ዘፈኑም ይህን የመሰለ ጨዋነት አለው። ቀላል ነው የሚል ግን በ1955 በሚሲሲፒ የ14 ዓመቱ ኤመት ቲል አንዲት ነጭ ሴት ደፈረ ተብሎ በቃል ብቻ ለተከሰሰበት ነገር መገደሉን ያስታውስ። ከዚያ 22 ዓመት በኋላ አራት ጥቁር ወንዶች ምኞታቸውን በራዲዮ በለሆሳስ ሲናገሩ መሰማታቸው በእኛ ዓይን ትንሽ ነገር አይደለም።

በመጨረሻም ጋዜጠኛዋ ቴልማ ባልፎር በ1996 ለጥቁር አሜሪካውያን ብቻ የተዘጋጀ የከዋክብት መጽሐፍ፥ በ1999 ደግሞ በፍቅር ላይ ያተኰረ ሌላ መጽሐፍ አሳተመች። 12ቱ ጠባዮች ለሰው ሁሉ አንድ ከሆኑ ለጥቁር የተለየ መጽሐፍ ለምን አስፈለገ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የእኛ መልስ፥ ጠባዩ አንድ ቢሆንም የሚያስከፍለው ዋጋ አንድ አይደለም የሚል ነው። ሐመል የሆነ ነጭ ቢቈጣ ቁጡ ነው ይባላል፤ ሐመል የሆነ ጥቁር ቢቈጣ ፖሊስ ይጠራበታል። ይህን ልዩነት የትኛውም የልደት ሰሌዳ አያሳየውም፤ የከዋክብት ቋንቋም ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው። በሕግና በኑሮ የመጣውን ቍጣ ወደ ልደት ሰዓት ከመለስነው ጠያቂውም ተጠያቂውም ይጠፋሉ።

ገጣሚዋ ኦድሪ ሎርድ በ1981 በኮኔቲከት በተደረገ የሴቶች ጥናት ጉባኤ ላይ ስለ ቍጣ ስትናገር ምክንያቱን በምድር ላይ ፈለገች። ቍጣዋ ለዘረኝነት የተሰጠ መልስ እንደ ሆነ፥ በውስጡም ሊሰማ የሚገባ ዕውቀት እንዳለ ለነጭ አድማጮችዋ ነገረቻቸው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብላ በ1978 ስለ ምኞት ኀይል ሌላ ንግግር አድርጋ ነበር። ሁለቱም በ1984 በወጣው የድርሰቶችዋ መጽሐፍ ውስጥ ስለሚገኙ አንባቢ ጐን ለጐን ሊያያቸው ይችላል።